የብዙዬ ወላጅ ሆኜ የፈረምኩ ዕለት

ሹራብ ነበር። እጅጌው እስከ ጣቶቿ የሚደርስ፣ አንገቱ እስከ አገጯ የተቆለፈ ግራጫ ሹራብ። ወሩ ግንቦት ነው፣ ከተማው ኮምቦልቻ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት። ውሻ እንኳ ከቆመ መኪና ሥር ገብቶ ምላሱን አውጥቶ የሚተኛበት ሰዓት ነው። እኔ ደግሞ ያንን ሹራብ አይቼ «የሚያሳድጋት ሰው ይባረክ» አልኩ።

የደሴ ልጅ ነኝ። ደሴ ላይ ልጅ ያለ ሹራብ ከቤት ከወጣ የሳንባ ምች ይዞ እንደሚመለስ እየተነገረኝ ነው ያደግሁት። ባለቤቴ ጀላል ፋብሪካ ተቀጥሮ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ከገባን አራት ዓመት ሆኖናል። ሰው ሁሉ ሲወርድ ብርዱን ከላይ ይተወዋል፤ እኔ ከዕቃዬ ጋር ጠቅልዬ ነው ይዤው የወረድኩት። ልጄ ፊርደውስ ሹራቧን ጠዋት በጭቅጭቅ ትለብስና ከአጥሩ ሳትርቅ አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ትወትፈዋለች። ስለዚህ የክፍል ጓደኛዋ ብዙዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አብራት ስትመጣ፣ በዚያ ሐሩር ተሸፋፍና ሳያት፣

«አየሽ? ይቺ ሰው አላት!» አልኳት ፊርደውስን።

ብዙዬ አንገቷን ደፋች። ጨዋነት መሰለኝ።

ጀላል «አንቺ ለክፉ ነገር ሁሉ ቀድመሽ ደርሰሽ ወንበር ትይዢለታለሽ» ይለኛል። አልዋሸም። ቦርከና ሳይሞላ ሞልቶ ይታየኛል። ከጅቡቲ የሚመጣ ተሳቢ ሁሉ ፍሬኑ የተበጠሰ ነው። ለበዓል ደሴ እናቴ ዘንድ በሚኒባስ ስንወጣ በሐረጎ ጠመዝማዛ በያንዳንዱ ኩርባ አንድ አንድ ጊዜ እሞታለሁ። የእብድ ውሻ፣ ወባ፣ የወደቀ የመብራት ሽቦ፣ ከረሜላ የሚሰጥ የማይታወቅ ሰው፤ ሁሉም በዝርዝሬ ውስጥ አሉ። ከዝርዝሬ የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከቤት ውስጥ የሚመጣውን አልጻፍኩትም።

ብዙዬ ለአንድ ወር ያህል አልፎ አልፎ መጣች። አሥር ዓመቷ ነው። አባቷ የደሴ ዙሪያ ገበሬ ነው፤ ልጄ ትማርልኝ ብሎ ኮምቦልቻ አክስቷ ዘንድ አምጥቶ ትቷት ተመልሷል። የማውቀው ይኼን ብቻ ነበር። አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የቤት ሥራቸውን ሠርተው ሲጨርሱ ብዙዬ ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ በሩ ሥር ቆመች።

«እትዬ ሐዋ።»

«ወይ የኔ ዓለም።»

«ነገ ወላጄ ይሁኑልኝ።»

አልደነገጥኩም። በእኛ ሰፈር ይኼ የታወቀ ነገር ነው። ትምህርት ቤቱ ለሁሉም ጥፋት አንድ መድኃኒት አለው፤ ወላጅ ይዘህ ና። ያረፈደም፣ መስኮት የሰበረም፣ ደብተር የረሳም ወላጅ ያመጣል። እውነተኛውን ወላጅ ማምጣት ግን በጥፋት ላይ ጥፋት ስለሆነ፣ ልጆቹ መናኸሪያ ወርደው ደልደል ያለ ሰው ይለምናሉ። በዚህ ከተማ ስንቱ የሚኒባስ ረዳት የስንቱ ተማሪ አጎት እንደሆነ አላህ ይቁጠረው።

«ምን አጠፋሽ?»

«ተኛሁ።»

«የት?»

«ክፍል ውስጥ። ሒሳብ ላይ።»

«አክስትሽስ?»

«እሷ ከመጣች . . .» አለችና መልሳ «ሥራ አላት» አለች።

እኔ ግን «ተኛሁ» ካለችበት አላለፍኩም። ወባ ነው! ግንባሯን ዳሰስኩ፣ የዓይኗን ቆብ ገልብጬ አየሁ፣ ምላሷን አስወጣኋት። ምንም ያልነበረባቸውን ሦስት ቦታዎች በጥንቃቄ መረመርኩ።

«እማ፣ በአላህ ሂጂላት» አለች ፊርደውስ። «የክፍላችን በሺር እንኳ የመናኸሪያ ረዳት አምጥቶ ነው ያለፈው። ረዳቱ ደግሞ ዳይሬክተሩን ‹ጠጋ በል› ብሏቸዋል።»

በሳቅ ተሸነፍኩ። እንቅልፍ ለጣላት ልጅ አንድ ቀን አክስት መሆን ምን አለበት?

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ከዳይሬክተሩ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። ብዙዬ ከጎኔ ነበረች። አቶ ደጉ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሚሰቅሉ፣ ቃል በቃል የሚናገሩ ሰው ናቸው። በቀኛቸው የሴት ተማሪዎች ክበብ ኃላፊ መምህርት ለይላ ተቀምጣለች፤ ገና ወጣት ናት። ከጀርባቸው ግድግዳው ላይ በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈ «የሕፃናት መብቶች» የሚል ካርቶን፣ ከሥሩ ደግሞ የአዲሱ ሚሊኒየም እቅድ ተለጥፏል።

«ወይዘሮ . . .?»

«ሐዋ የሱፍ።»

«ለተማሪ ብዙዬ አግማስ ምኗ ነዎት?»

«አክስቷ» አልኩ።

እኔ ራሴ ላይ ጥቁር ሻሽ ጠምጥሜያለሁ፤ የብዙዬ ማተብ ከሹራቡ አንገት ሥር ብቅ ብሏል። አቶ ደጉ ሁለታችንንም አዩና ጻፉ፤ ብዕራቸው ቅንጣት አልተደናቀፈም። ሌላ አገር ቢሆን እዚህች ላይ እያዝ ነበር። ወሎ ሆኖ ግን የአቶ ደጉ እናትም ዘይነባ ሳይባሉ አይቀሩም። የኔም አያት እስኪያገቡ ድረስ ወለተ ማርያም ነበሩ።

«እንግዲህ ወይዘሮ ሐዋ» አሉ፤ «ትምህርት ቤታችን በሕፃናት ጥበቃ የተመሰገነ ነው። ሦስት ደረጃ አለን። አንደኛ፣ አሳዳጊን ጠርቶ መምከርና ማስጠንቀቅ። ሁለተኛ፣ ቀበሌ። ሦስተኛ፣ ፖሊስ። በሦስት ዓመት ሃያ ሦስት ጉዳይ ይዘናል። ሃያ ሦስቱም በአንደኛው ደረጃ ተፈተዋል።»

«ማሻአላህ» አልኩ፤ ይኼ ሁሉ ለእንቅልፍ ነው ወይ እያልኩ።

«አንድም ልጅ ሁለተኛ ጊዜ መጥቶ አልተናገረም!»

መምህርት ለይላ መስኮቱን አየች። «አዎ» አለች። «ሁለተኛ ጊዜ የሚናገር የለም።» ከዚያ ወደ ብዙዬ ዞራ በለሰለሰ ድምፅ «የኔ ልጅ፣ ክፍል ስትተኚ የታየውን እናሳያቸው፤ እጅጌሽን ሰብስቢ» አለቻት።

ብዙዬ ሰበሰበች።

ያየሁትን አልዘረዝረውም። አሮጌ ነበረበት፣ አዲስ ነበረበት፣ አዲሱ በአሮጌው ላይ ያለፈበት ቦታ ነበረ። ሹራብ በግንቦት። እኔ የባረክሁት ሹራብ።

«በምንድን ነው የመቷት?» አሉ አቶ ደጉ።

ማንን እንደሚጠይቁ ለማየት ዞር አልኩ። ከኋላዬ ግድግዳ ብቻ ነበር።

«እኔ?»

«እርስዎ።»

«ወላሂ እኔ አክስቷ አይደለሁም!»

አቶ ደጉ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። አልተቆጡም፤ የጠበቁት ነገር እንደደረሰላቸው ሰው ነበሩ። «አየሽ መምህርት ለይላ? ሲገቡ አክስት፣ ሲጠየቁ ባዕድ። ወይዘሮ ሐዋ፣ እዚህ ወንበር ላይ የሚቀመጥ አሳዳጊ ሁሉ የሚለው አራት ነገር ነው። ወድቃ ነው ይላል። ዓመሏ ነው ይላል። ለራሷ ብዬ ነው ይላል። በመጨረሻ የእኔ ልጅ አይደለችም ይላል። እርስዎ ሦስቱን ዘለው አራተኛው ላይ ገቡ።»

«በአላህ ስም! ጎረቤት ነኝ፤ ልጄ ጓደኛዋ ናት፤ ሁኚልኝ ብላኝ ነው!»

«ጥሩ» አሉ፣ ብዕራቸውን አስቀምጠው። «እንግዲያው ችግር የለም። ብዙዬ አሁኑኑ ወደ ቤቷ ትሂድና እውነተኛዋን አክስቷን ይዛ ትምጣ። ትምህርት ቤት ስለ ድብደባው ሊጠይቅሽ ይፈልጋል ብላ ትንገራት። እንጠብቃለን።»

ብዙዬ አላለቀሰችም። እጇ ብቻ ከጠረጴዛው ሥር መጥቶ ቀሚሴን ጨበጠ። ለዓመታት የክፉ ነገርን መምጫ በየመንገዱ ስጠብቅ ኖሬ፣ መምጫው በጥንቃቄ የተጻፈ ደንብ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም። ልጅቷ ያንን መልእክት ይዛ ከዚያ ቤት ብትገባ ምን እንደሚሆን አቶ ደጉ እንኳ ረጋ ብለው ቢያስቡ ያውቁታል። ግን የመጀመሪያው ደረጃ እንደዚያ ነው የሚለው።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ይቅርታ?»

«አክስቷ እኔ ነኝ። የመታኋት እኔ ነኝ። ይጻፉ።»

«ይኸውልሽ» አሉ አቶ ደጉ ለመምህርት ለይላ፤ ፊታቸው በራ። «ረጋ ብለው ሲያነጋግሯቸው ያምናሉ። በምን መቷት?»

አላውቅም። ብዙዬን አየኋት። ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ ማለት ይቻላል፣ «በካውያ ገመድ» አለችኝ።

«በካውያ ገመድ» አልኩ።

«በምን ምክንያት?»

«ብርጭቆ ሰብሬ» አለች ብዙዬ በሹክሹክታ።

«ብርጭቆ ሰብራ።»

«የት ነው የሚያሳድሯት?»

«ማድቤት» አለች።

«ማድቤት» አልኩ።

«ልጅቷ መልስ እንዳትነግራቸው!» አሉ አቶ ደጉ፤ «የራሳቸውን ጥፋት በራሳቸው አንደበት ነው መናገር ያለባቸው።»

በዚህ ጊዜ አለቀስኩ። ሻሼን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ አለቀስኩ። አቶ ደጉ ስቅስቅታዬ እስኪበርድ በትዕግሥት ጠበቁና ቃለ ጉባኤው ላይ የሚጽፉትን ጮክ ብለው አነበቡ፤ «አሳዳጊዋ ከፍተኛ ጸጸት አሳይታለች።»

ከዚያ የግዴታ ወረቀቱ መጣ፤ በካርቦን ሁለት ቅጂ። «እኔ ወይዘሮ ሐዋ የሱፍ የተማሪ ብዙዬ አግማስ አሳዳጊ ስሆን፣ ልጅቷን በካውያ ገመድ በተደጋጋሚ መደብደቤንና ማድቤት ማሳደሬን አምኜ፣ ከዛሬ ጀምሮ በቤቴ በሰላምና በእንክብካቤ ላኖራት፣ ይህን ባላደርግ በሕግ ልጠየቅ ግዴታ ገብቻለሁ።» አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ወረቀት ሳላነብ አልፈርምም። ሁለት ጊዜ አንብቤ ፈረምኩ። አቶ ደጉ ክቡን ማኅተም ትንፋሻቸውን እፍ ብለውበት ከላይ ረገጡት። ከትምህርት ማስረጃዬ ወዲህ በስሜ የወጣ ባለ ማኅተም ወረቀት ይኼ የመጀመሪያው ነው።

«አብሽሩ ወይዘሮ ሐዋ» አሉ በሩን ሲከፍቱልኝ። «ሰው ከስሕተቱ ይማራል። ሃያ አራተኛውም ተፈታ።»

መምህርት ለይላ እስከ ግቢው በር ሸኘችን። ብዙዬን ጥቂት ራመድ እንድትል አደረገችና ቆመች።

«አክስቷ አይደሉም» አለች።

«ያኔ ስጮህ የት ነበርሽ?»

«እርስዎ ከመጮህዎ በፊት ነው ያወቅሁት። ልጅ ከሚደበድበው ሰው ጎን ተጠግቶ አይቀመጥም።»

«አውቀሽ ነው ዝም ያልሽው?»

«እውነተኛዋን ጥሪ ብለው ሊልኳት ነበር እኮ! ባለፈው ዓመት አንዷን እንዲሁ ልከናት ሳምንት ሙሉ ሳትመጣ ቀረች። ስትመጣ ወድቄ ነው አለች። ተፈታ ተብሎ ተጻፈ። ነገ ጠዋት ቀበሌውን ዘለን ቀጥታ ፖሊስ እንሄዳለን፤ እኔና እርስዎ። ደሴም ለአባቷ ሰው እልካለሁ። ዛሬ ግን ሰዓቱ ሄዷል። ዛሬ የት ታድራለች?»

«እኔ ምን መብት አለኝና . . .»

«ወረቀቱን ያንብቡት እስቲ።»

አነበብኩት። «ከዛሬ ጀምሮ በቤቴ» ይላል። ማኅተሙ በትክክል «በቤቴ» የሚለው ላይ ነው ያረፈው።

መንገዱን ሙሉ ሊደርስብኝ የሚችለውን ቆጠርኩ። በልጅ ስርቆት እከሰሳለሁ። በድብደባም እከሰሳለሁ፤ አምኜ ፈርሜያለሁና ምስክር አያስፈልግም። የጀላል እናት ይሰማሉ። እንዲህ እያልኩ ቤት ደረስን፤ ብዙዬ እጄን አልለቀቀችም።

ጀላል የማታ ፈረቃ ነበር። ልጆቹን አብልቼ ጨርሼ ሳህን ሳነሣ የአጥሩ በር ተንኳኳ። ከፈትኩ። ነጠላዋን በወጉ የለበሰች፣ ጸጉሯን የተሠራች፣ መልከ መልካም ሴት ቆማለች።

«እንደምን አመሸሽ እህት። የኔነሽ እባላለሁ። ብዙዬ እዚህ ናት አሉኝ፤ ልወስዳት ነው።»

እኔ ጥርሷ የገጠጠ፣ ዓይኗ የቀላ ሴት ነበር የጠበቅሁት። ክፉ ነገርን ስጠብቅ ኖሬ መልኩን እንኳ አላወቅሁትም።

«ምኗ ነሽ?»

«አክስቷ ነኛ! ከገጠር ተቀብዬ የማስተምራት እኔ አይደለሁ? ጥሪያት።»

«አልጠራትም።»

«ምን?»

«ዛሬ እዚህ ነው የምታድረው።»

ፈገግታዋ ጠፋ። «አንቺ ሴትዮ፣ ጤነኛ ነሽ? የራስሽን ልጅ አሳድገሽ ጨረስሽና የሰው ልጅ ማገት ጀመርሽ? ፖሊስ ይዤብሽ ነው የምመጣ!»

«ይዘሽ ነይ» አልኩ። ወረቀቱን ከጡቴ ሥር አወጣሁና በበረንዳው መብራት ሥር ዘረጋሁት። ማኅተሙን ስታይ ድምፅዋ ዝቅ አለ።

«ምንድነው እሱ?»

አነበብኩላት። ስጀምር ድምፄ ቀጭን ነበር፤ «በካውያ ገመድ» ስደርስ ግን ከጎረቤት አጥር በላይ ሁለት ራስ ብቅ ሲል አየሁና እንደ ትምህርት ቤት ንባብ ከፍ አደረግሁት። «. . . በተደጋጋሚ መደብደቤንና፣ ማድቤት ማሳደሬን አምኜ . . .»

«ማነው እንዲህ ያለው?» አለች፤ ወደ አጥሩ ገልመጥ አድርጋ።

«እኔ ነኝ። አሳዳጊዋ እኔ ነኝ፣ ይኼን ሁሉ ያደረግሁትም እኔ ነኝ ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ይኸው ስሜ። አሳዳጊዋ አንቺ ከሆንሽ ግን በስሕተት ነው የተጻፈውና ነገ ጠዋት አብረን ሄደን የኔን ስም አስፍቀን ያንቺን እናስገባ። ሙሉ ስምሽን ንገሪኝ። ፊርደውስ! እርሳስ አምጪልኝ!»

ፊርደውስ እርሳሱን ይዛ ወጣች። ከአጥሩ ወዲያ የሚያስል ሰው ነበረ፤ እሱም ማሳሉን አቆመ።

«የኔነሽ ብለሻል» አልኩ፤ «የአባትሽስ ስም?»

«እኔ ምን አገባኝ!» አለች ድንገት። «ዘመድ ብሆን ነው እንጂ የእኔ ልጅ አይደለችም። ለነፍሴ ብዬ አስጠጋኋት።»

«አሳዳጊዋ አይደለሽም ማለት ነው?»

«አይደለሁም አልኩሽ!»

«ጎረቤቶች ሰምታችኋል?»

«ሰምተናል» አለ አጥሩ።

«ያንቺው ትሁን! ውሰጃት! እጇ አመለኛ ነው፤ ታይዋለሽ» ብላ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ወርውራ ሄደች። የጫማዋ ድምፅ እስኪጠፋ እዚያው ቆምኩ። ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ።

ወረቀቱ ሕግ እንዳልሆነ አላጣሁትም። አሥራ ሁለት የጨረሰ ሰው ይኼን ያህል ያውቃል። ነገ ፖሊስ ፊት ቆሜ ያመንኩትን ሁሉ ልክድ ነው፤ ያምኑኛል ወይ? ከነገ ወዲያ የደሴ ዙሪያው ገበሬ ልጄ ስትማር ነው የማውቃት እያለ ሊመጣ ነው፤ ምን ብዬ እነግረዋለሁ? በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ አቶ ደጉ ለክትትል ቤቴ መጥተው የካውያዬን ገመድ ሊያዩ ነው፤ ይኼን በቀጠሮ ደብተራቸው ሲጽፉ አይቻለሁ። ያው እንደ ልማዴ ተራ በተራ ፈራኋቸው። ዛሬ ግን ፍርሃቱ ሁሉ ከአጥሩ ውጭ ነበር።

ገባሁ። ፊርደውስ የአልጋዋን ግማሽ ለቃ ግድግዳ ላይ ተለጥፋ እንቅልፍ ወስዷታል። ብዙዬ ግን ፍራሹ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ በሩን ታያለች።

«ተኚ እንጂ የኔ አንጀት። ሄዳለች እኮ።»

«ሰምቻለሁ።»

በሩን ገጠምኩና ቁልፉን አነሣሁ። ብዙዬ ተነሥታ በባዶ እግሯ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«እትዬ፣ በየት በኩል ነው የሚቆለፈው?»

የማድቤቱ በር ከውጭ ይቆለፍባት እንደነበረ ያኔ ገባኝ። ከዚያ ቁልፉን ቀዳዳው ውስጥ ከተትኩና እጇን ይዤ ላዩ ላይ አሳረፍኩት።

«ከውስጥ ነው» አልኳት።

በሁለት እጇ አዞረችው። ቀጭ አለ።